የለቅሶ ጥይት

ከጎሽ ሜዳ የተተኮሰው የማለዳ ጥይት ፉጨት አልነበረውም። ባንቻየሁ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደጃፏ ላይ ቀጥ ብላ አዳመጠች። ድምፁ ገደሉን ተሻገረ፣ ከወይራ አምባ ገመገም ጋር ተላተመ፣ ከዚያም ጠፋ። እርሳስ የጎረሰ ጥይት በጆሮ አጠገብ እንደምታልፍ ትንኝ ቀጭን ፉጨት አለው፤ ይህ የለውም። «እሰይ፣ በደኅና አድራለች» አለች በሆዷ፤ ግቢዋን መጥረግም ቀጠለች።

በደኅና ያደረችው ልጇ አንጓች ናት። አንጓች ገደሉን ተሻግራ ጎሽ ሜዳ የተዳረችው ሁለቱ መንደሮች አንድ ቀበሌ በነበሩበት፣ ሙሽራ በገመድ ድልድዩ ላይ እየተዘፈነላት በምትሻገርበት ዘመን ነበር። ከዚያ ዝናብ መምጫውን ረሳ። በ2074 ዓ.ም. ክረምቱ ጭራሽ ሳይገባ ሲቀር ከገደሉ ሥር የምትፈልቀው ምንጭ ሁለት መንደር ማጠጣት አቃታት፤ ድልድዩም ከወዲህም ከወዲያም በመጥረቢያ ተቆረጠ። የስልክ ማማው ከዚያ በፊት ዝም ብሏል። ስልክ የሚባለው አሁን ጠጉር ሲበጠሩ የሚያዩበት መስተዋት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከማዶ የሚመጣ ነገር ቢኖር የማለዳው ተኩስ ብቻ ነው። በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ጥይት ወደ ማዶ ይላካል፤ ዘብ እንዳለና ውሃው ባለቤት እንዳለው ለማሳወቅ፤ የማዶውን ዘብ ቢያገኝ ደግሞ እሰየው።

ጥይት ገበያ ላይ መታየት ካቆመ ቆይቷል። ጦርነት ወደ ሰማይ ከወጣ ወዲህ ለሰው እጅ የሚሆን ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ የለም። የሰማዩ መሣሪያ ደግሞ የትልልቆቹን እርሻዎች ይጠብቃል እንጂ ለወይራ አምባ ዘብ አይቆምም፤ አንዳንዴ ከላይ ጥዝ እያለ ያልፋል፣ ቁልቁልም አያይም። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ብቻ ሰኞ ሰኞ በራሱ ጊዜ ይበራና በጨዋ ድምፅ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የጥይት አቅርቦት በቅርብ ቀን ይጀመራል» ይላል። ይህን ማለት በጀመረ ሰሞን የተወለዱት ዛሬ ልጅ ድረዋል።

ስለዚህ መንደሩ ኑሮውን እንደ ችግሩ አበጅቷል። ቅዳሜ የእርሳስ ቀን ነው፤ ሴቶቹ ድሮ ዱቄት ይነፉበት በነበረው ወንፊት የገመገሙን አፈር ይነፋሉ፣ የዛፍ ግንድ እየዳበሱ የጥንት ጥይት ይቆፍራሉ። ልጁን የሚድር ሰው ከመሬቱ ስፋት በፊት የሙሽራውን ቀለህ ይጠይቃል። ጎረምሶቹ ተኩስ የሚለማመዱት በአፋቸው ነው፤ ባዶ ጠመንጃ አነጣጥረው «ድው!» ይላሉ፣ አሠልጣኙም አይቶ «ሳትክ» ወይም «ገደልክ» ይላቸዋል። በጥይት የሞተ ሰው እርሳሱ ከሥጋው ሳይወጣ አይቀበርም። ሕጉ የወጣ ሰሞን ካህናቱ አጉረምርመው ነበር። ዛሬ እርሳሱን ለምታወጣው ሴት ውሃ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያጣድፉት እነሱ ናቸው።

የተገኘው እርሳስ ሁሉ የሚመጣው ለባንቻየሁ ነው፤ የወይራ አምባ አቅላጭ እሷ ናት። ከሰል ታነዳለች፣ እርሳሱን በጉርድ ድስት ታቀልጣለች፣ በብረት ቅርጿ ውስጥ አፍስሳ ታበርደዋለች፣ ከቅርጹ አፍ የተረፈውን ጅራት በቢላዋ ትቆርጣለች፤ ከዚያም የተተኮሰውን ቀለህ አጥባ ባሩድ አጉርሳ ትገጥመዋለች። መንደሩ የሚያምነው እንዲህ ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሰው ሲቀበር ጥይት መተኮስ ከጥንትም ያለ ወግ ነው። እርሳስ እንደ ዓይን ብርሃን ሲወደድ ግን ለቅሶ ላይ የሚተኮስ ሌላ ጥይት ተሠራ፤ በእርሳስ ፋንታ ሰም የጎረሰ፣ የሚጮህ እንጂ የማይገድል። የለቅሶ ጥይት ይሉታል። ድልድዩ ሊቆረጥ በዋዜማው እናትና ልጅ መሃሉ ላይ ተገናኝተው ነበር። አንጓችም የጎሽ ሜዳ አቅላጭ ነበረች፤ ሙያውን ያስተማረቻት፣ ስትዳርም የራሷን ሁለተኛ ቅርጽ የሰጠቻት ባንቻየሁ ናት።

«እማዬ፣ ነገ ወንድሜ ወዲህ ማዶ ዘብ ሊቆም ነው» አለች አንጓች።

«ባልሽስ ወዲያ ማዶ ሊቆም አይደል?»

«እንግዲያ ሰም እናጉርሳቸው።»

ተማማሉ፤ ተሳሳሙ፤ ተለያዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሁለቱም መንደር ዘቦች በዝናራቸው ይዘው የሚዞሩት ሰም ነው፤ ጥላሸት የተቀባ፣ ክብደት እንዲኖረው አሸዋ የተቀላቀለበት ሰም። ለወንዶቹ አልተነገራቸውም። ባንቻየሁ ወንድና ወንፊት ምንም ነገር አይቋጥሩም የምትል ሴት ናት፤ ባሏም በሕይወት ሳለ ይህን አባባሏን ለሰው ሁሉ ያወራባት ነበር። በእርሳስ ቀን የሚሰበሰበውን እርሳስ ከምድጃዋ ሥር ቆፍራ ቀበረችው። ቢታወቅ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ውሃ ለማዶ አሳልፎ የሰጠ ሰው ከነቤተሰቡ ወደ ደረቁ ቆላ ይሰደዳል፤ ከዚያ የተመለሰ ደግሞ የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልሞተም። ሁለቱም መንደሮች ዒላማ በመሳት ተሰደቡ። አንዱ ነፋሱን፣ ሌላው ባሩዱን፣ ሌላው የራሱን ዓይን ወቀሰ። የመንደሩ ሽማግሌና የዘቡ አለቃ አያ ቢያድግልኝ ነገሩ የእግዚአብሔር ቁጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሱባዔ አስያዙ። ባንቻየሁም ከሁሉ ቀድማ ጾመች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ነገሩን የሚያበላሸው ልጇ ይታገሱ እንደሚሆን ግን አላሰበችም።

«እማዬ፣ ያንቺ ጥይት እኔን ጠልቶኛል» አላት አንድ ምሽት እራት ላይ። ቁመቱ እንደ አባቱ መለሎ፣ ሆዱ እንደ ሕፃን የሚብስ ልጅ ነበር።

«ምን አደረገህ?»

«ጓደኞቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ሰማይ መቺ! ትናንት ጠላ ቤት ‹ይታገሱ ደመናውን መትቶ ዝናብ ያምጣልን› ብለው ሳቁብኝ።»

«ይሳቁ። ሳቅ አይገድልም።»

«እኔ እኮ የምስተው ጎንበስ ብዬ ስለማነጣጥር ነው። ነገ ተራዬ ነው። የዘቡ ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው የማሳያቸው።»

የባንቻየሁ እጅ ወጡ ላይ ቀረ። «ተው ልጄ። እንደ ሰው ጎንበስ በል።»

«ምን ያመጣሉ? ሦስት ዓመት ሙሉ የተደገፍሁትን ድንጋይ እንኳ አልነኩትም። ዕውሮች ናቸው እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ጠላ ቤቱ ትዝ አላት። የሚስቁበትን ጓደኞቹን፣ አንድ ጣሳ ጠጥቶ «እኔ ስለማልችል መስሏችሁ ነው?» ሲላቸው በዓይነ ኅሊናዋ አየችው። ደግሞስ ምን አስፈራት? ማዶ ያለችው አንጓች ናት። ቢቆምስ፣ ቢዘልስ፣ ሰም ምን ያደርገዋል? አፏን ዘጋች፤ ወጥ ጨመረችለት። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መጥረጊያዋን ይዛ ደጅ ወጣች። የይታገሱ ጥይት ጮኸ፤ እሷው የሠራችው ባዶ ድምፅ። ከዚያ ከማዶ መልሱ መጣ። ድምፁ ፉጨት ነበረው።

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ማንም መጥቶ ሳይነግራት፣ ጩኸት ሳይሰማ፣ እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። በቃሬዛ ይዘውት ሲመጡም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ጎረቤቷ የሻረግ ደግፋ አስገባቻት።

«እርሳሱን እኔ ላውጣው» አለች የሻረግ እያለቀሰች። «አንቺ እናት ነሽ። አትችዪም።»

«በልጄ ሥጋ ውስጥ የሌላ እጅ አይገባም። ውሃውን አቅርቢልኝና ውጪ።»

አወጣችው። ደረቱን አጠበችው፤ ግንባሩን ሳመችው፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። ከዚያ እርሳሱን በሞቀው ውሃ አለቅልቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ሄደች። ጎኑ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ጣቷ ዓይኗን ቀድሞ አወቃት። ለአንጓች የሰጠቻት ቅርጽ ውስጥ አንዲት ስርጉድ ነበረች፤ ከእርሷ የሚወጣ እርሳስ ሁሉ ይህችን ምልክት ይዞ ይወጣል።

የአቅላጭ ምልክት ቀልድ አይደለም። ሁለቱ መንደሮች አንድ በነበሩበት ዘመን የእያንዳንዷን አቅላጭ ምልክት ሽማግሌዎች በቃል ይዘውታል፤ ሰው የሞተ እንደሆነ ደሙ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ይህች እርሳስ ከታየች ወይራ አምባ ደሙን የሚፈልገው ከአንጓች ቤት ነው። ከልጆቿም ጭምር።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ባንቻየሁ እርሳሱን ገልብጣ ቂጡን አየች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ይታገሱ ቀኝ ሲሆን አንጓች ግራኝ ነበረች። የእርሳሱን ጅራት በግራ እጇ ስለምትቆርጠው ቁርጧ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድል ነበር፤ ሙያውን ስታስተምራት በዚህ ስንት ጊዜ ስቀዋል! የዚህ እርሳስ ቁርጥ ወደ ሌላው ወገን አጋድሏል። ቅርጹ የአንጓች ነው፤ እጁ ግን የአንጓች አይደለም። የአቅላጭን ቅርጽ ደግሞ ባለቤቷ ሳትቀበር ሌላ ሰው አይነካውም። ይህ በሁለቱም ማዶ ያለ ሕግ ነው።

«ታማ ይሆናል» አለች ድምፅ አውጥታ። «እጇ ተቃጥሎ ይሆናል። ሕጉንም ሽረውት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።» ሆዷ ግን አላመነም። በአንድ ጠዋት ሁለት ልጅ ማጣት ይቻል እንደሆነ ማሰብ አልፈለገችም። ከምድጃው ዳር ድንጋይ አንሥታ እርሳሱን አንዴ መታችው፣ ደገመችው። እብጠቷ ጠፋች።

አያ ቢያድግልኝ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ይጠብቋት ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ምልክቱስ?»

«አጥንት ላይ አርፎ ተጨፍልቋል፣ አያ።»

እርሳሱን ተቀብለው በመዳፋቸው አገላበጡት። «እንግዲህ ደሙ ባለቤት አጣ» አሉና መለሱላት። «አቅልጪው። ነገ ወደ መጣበት ይመለሳል።»

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። የገመገሙ ቤተ ክርስቲያን ከጎሽ ሜዳ ፊት ለፊት ነው፤ ለቀብር የወጣ ሰው የማዶውን ጢስ ያያል፣ የማዶውም እርሱን ያያል። ባንቻየሁ ለተኳሾቹ የሚሆን የለቅሶ ጥይት በሳህን አድርጋ ሰጥታለች። ፍትሐቱ አበቃ፤ አፈሩ ተመለሰ፤ ሰዎቹ አፈሙዛቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተኮሱ። ሰማይ መቺ ብለው የሳቁበት ጓደኞቹ ጠመንጃቸውን ደግፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ባንቻየሁ ተነሣች። «የልጄን ጠመንጃ ስጡኝ» አለች።

ሴት በቀብር ላይ አትተኩስም። ሰዎቹ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞሩ።

«ስጧት። እናት ናት» አሉ ሽማግሌው።

አንድ ጥይት ከመቀነቷ ፈትታ አጎረሰችው፤ ወደ ሰማይ ግን አላነሣችውም። በጎሽ ሜዳ አቅጣጫ ትክ ብላ አነጣጠረች። «እሰይ! መልሺላቸው!» ያለ ሰው ነበር። ቃታውን ሳበች። ጥይቱ ሰም ነው፤ ጮኸ እንጂ የትም አልደረሰም። አንጓች ብትኖር ይህን ባዶ ድምፅ ከደጃፏ ሆና ታውቀዋለች። እሷ ካለች ደግሞ ዘቦቹ የሚመልሱት እሷ ያጎረሰችውን ነውና መልሱ ባዶ ይሆናል። ባንቻየሁ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ወደ ማዶ አዞረች። እመቤቴ፣ ባዶ አድርጊልኝ። አንዷን እንኳ ተዪልኝ።

መልሱ መጣ። ፉጨቱ ከሰዎቹ ራስ በላይ አለፈና ከመቃብሩ ጀርባ ያለውን የበሰበሰ የወይራ ግንድ መታው። ሰዉ ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ። ጸጥ ሲል ደግሞ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ቢላዋውን እየመዘዘ ወደ ግንዱ ሮጠ፤ እርሳስ እርሳስ ነውና ለቅሶ ላይም አይጣልም። ከቆመችበት ያልተንቀሳቀሰች ባንቻየሁ ብቻ ነበረች።

ቆፍረው ያወጡትን ለአያ ቢያድግልኝ ሰጧቸው። ሽማግሌው በጣታቸው ዳበሱት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይቺ የአንጓች ምልክት ናት» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡና በጆሮዋ፣ «የጠዋቱንም የጨፈለቅሽው አንቺ ነሽ» አሏት።

«እኔ ነኝ።»

የምልክቱን ነገር ግን ሰው ሰምቷል። «የገዛ እኅቱ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ፤ ጉምጉምታው ጨመረ። ባንቻየሁ እርሳሱን ከሽማግሌው መዳፍ አንሥታ ቂጡን ወደ ላይ ይዛ አሳየቻቸው።

«ቅርጹ የአንጓች ነው። ቁርጡን እዩት። አንጓች ግራኝ ናት፤ ሁላችሁም አብራችሁ ያሳደጋችኋት ልጅ ናት፣ ታውቋታላችሁ። ይህን የቆረጠው ቀኝ እጅ ነው። ቅርጿ በሌላ እጅ ገብቷል። ልጄ ሞታለች።» «መቼ እንደሞተች አላውቅም። ምን እንደገደላት አላውቅም። ትናንት ማለዳ ነበረች።»

የሻረግ ደረቷን መትታ «አንጓችዬ! የኔ ሳቂታ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁለተኛ ለቅሶ በአንደኛው ላይ ተነባበረ። አያ ቢያድግልኝ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«የዚህ አገር ልጅ ናት። ለእሷም ይተኮስላት።»

«የለቅሶ ጥይት አልቋል፣ አያ» አለ የሻረግ ባል ገረመው። «የያዝነው የዘብ ብቻ ነው።»

ባንቻየሁ ቀና አለች። ዝናራቸውን ታጥቀው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች። ነገ ማለዳ ከእነዚህ አንዱ ድንጋዩ ጋ ይወጣል። ሰም ይዞ። ማዶ ያለው እርሳስ ይዟል። ዝም ብትል ስደቱ ይቀርላታል፤ ነገ ግን የሌላ ሰው ደረት ታጥባለች።

«ከዘባችሁ ተኩሱ» አለች። «በዝናራችሁ ያለው ሁሉ የለቅሶ ጥይት ነው።»

ማንም አልገባውም። ገረመው አንድ ጥይት መዝዞ ጫፉን በጥርሱ ነከሰው። ጥርሱ ሰተት ብሎ ገባ። ከአፉ ጥቁር ሰምና አሸዋ ተፍቶ ለሰው ሁሉ አሳየ።

«ሦስት ዓመት?» አሉ አያ ቢያድግልኝ። ድምፃቸው የሽማግሌ ሳይሆን የሕፃን መሰለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ እጃችንን ነው ውሃ የጠበቅነው?»

«እነሱም እንደዚያው ነበሩ፣ አያ። እኔና ልጄ ነን።»

«ይታገሱ ያውቅ ነበር?»

«ቢያውቅ ኖሮ ይቆም ነበር? ዕውሮች ናቸው ብሎ ቆመ። እኔ ነኝ ያቆምኩት።» ይህን ብላ አዲሱ አፈር ላይ ቁጭ አለች።

ከጎረምሶቹ አንዱ «ከዳተኛ!» አለ። የሻረግ እንደ ነብር ዞረችበት።

«ዝም በል! ሦስት ዓመት እናትህ አልቅሳብሃለች? አላለቀሰችም! እንግዲያ ዝም በል!»

አያ ቢያድግልኝ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ስለ ስደት የሚለው ሕግ ምላሳቸው ላይ እንደነበረ ሰው ሁሉ አውቋል። ግን አቅላጭ ሌላ የላቸውም። «እርሳሱስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከምድጃዬ ሥር ነው። ሁሉም አለ።»

«እንግዲያ አንድ አንድ ተኩሱላት። የቀረውን ለባንቻየሁ መልሱላት።»

ተኮሱላት። ፉጨት የሌለው ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ ሄደ፤ ማዶ ሰምተውት ምን እንዳሉ የሚያውቅ የለም። መልስ አልመጣም።

ከቀብር መልስ ባንቻየሁ የምድጃዋን ድንጋይ አነሣች። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ደጅ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ እሷ ከሰል አነደደች፤ ሰሙን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ የጣለችው ከይታገሱ ደረት ያወጣችውን ነው። ቀጥላም ከግንዱ የወጣውን ጨመረች። ሲቀልጡ አላየቻቸውም፤ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋ ጠበቀች።

ጎሕ ሳይቀድ ገረመው ጥይቱን ሊቀበል መጣ። ቆጥሮ ወደ ዝናሩ ሊያገባ ሲል አንዱን በእጁ መዘነው።

«የዛሬው ከበደኝ፣ እታለም» አላት።

«እርሳስ ነው» አለችው ባንቻየሁ። «ጎንበስ ብለህ ቁም።»